ከማህፀን ውጭ እርግዝና፦ ከገጠር ስልክ ሲደወል

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይጀምርና ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)

በየሳምንቱ በዚህ ሰዓት ስለ ጤና የምንጨዋወትበት ዝግጅታችን ዛሬም ከልደታ ወደየቤታችሁ ገብቷል። ሱቅ የከፈታችሁ ከሱቃችሁ፣ ታክሲ የያዛችሁ ከመሪያችሁ፣ ቡና ያቀራረባችሁም ከረከቦታችሁ ሳትነሱ አብራችሁን ቆዩ።

የዛሬው ጉዳያችን ከማህፀን ውጭ የሚፈጠር እርግዝና ነው። በተለይም ሆስፒታል ራቅ ባለበት፣ አልትራሳውንድ በሌለበት፣ መኪና በቀን አንዴ በሚያልፍበት የገጠር ቀበሌ ሲያጋጥም እንዴት ይታወቃል? ምንስ ይደረጋል?

(ቆም ማለት)

«እኛ የልደታ ሰዎች ነን፤ ጥቁር አንበሳ እዚሁ ክፍለ ከተማችን ውስጥ፣ ባልቻም እዚሁ፤ የገጠሩ ነገር እኛን ምን አገባን?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። እስቲ ልጠይቃችሁ። ከመካከላችን አገር ቤት ዘመድ የሌለው ማን ነው? እዚያ ሰው ሲታመምስ መጀመሪያ የማን ስልክ ይጮሃል? የእኛ! «አንቺ ከተማ ነሽ፣ ታውቂያለሽ፣ ምን እናድርግ?» ይሉናል። እኛም መልስ እንሰጣለን። በዚህ በሽታ ላይ ደግሞ ያ መልስ የታመመችው ሴት በሕይወት ትቆይ እንደሆነ የሚወስንበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የዛሬው ጨዋታ ስልኩን ለሚያነሳው ሰው ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

መጀመሪያ ነገሩ ምንድን ነው? እርግዝና ሲጀመር የወንዱ ዘርና የሴቷ እንቁላል የሚገናኙት ማህፀን ውስጥ አይደለም፤ ከማህፀን ግራና ቀኝ በወጡት ቱቦዎች በአንዱ ውስጥ ነው። ከዚያ ፅንሱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቱቦውን አቋርጦ ማህፀን ይደርስና እዚያ ይተከላል። ጤነኛው መንገድ ይህ ነው።

አንዳንዴ ግን መንገድ ላይ ይቀራል። ቱቦው ቀደም ሲል ቆስሎ ከጠበበ ወይም ውስጡ ከተጣበቀ ፅንሱ እዚያው ተተክሎ ማደግ ይጀምራል። ከአንድ መቶ እርግዝናዎች አንዱ ወይም ሁለቱ እንዲህ ይሆናሉ፤ ከእነዚህም ከአሥሩ ከዘጠኝ በላይ የሚሆኑት ቱቦው ውስጥ ናቸው።

ቱቦው ከእርሳስ ብዙም የማይወፍር ስስ ነገር ነው። እንደ ማህፀን አይለጠጥም። ፅንሱ እያደገ ሲሄድ፣ ብዙ ጊዜ የመጨረሻው የወር አበባ ከመጣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ይፈነዳል። ያኔ ደም ወደ ሆድ ውስጥ መፍሰስ ይጀምራል። ልብ በሉ! ደሙ የሚፈሰው ወደ ውስጥ ነው። ቀሚስ ላይ የሚታየው ጠብታ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ሆድ ውስጥ ግን ሊትር የሞላ ደም ተጠራቅሟል። ሰው የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው። «ብዙም አልደማችም» ይላል።

ቱቦውን የሚያቆስለው ምንድን ነው? በአብዛኛው የቆየ ኢንፌክሽን። በግብረ ሥጋ የሚተላለፉት ጨብጥና ክላሚዲያ ወደ ላይ ወጥተው ቱቦውን ያበላሹታል፤ ክላሚዲያ እንዲያውም አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሕመም ሳያሳይ ነው ሥራውን የሚሠራው። ንጽህና በሌለበት ቦታ ከተፈጸመ ውርጃ በኋላ የሚመጣ ኢንፌክሽንም እንዲሁ። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ እርግዝና የገጠማት ወይም ቱቦዋ የተነካ ቀዶ ህክምና ያደረገች ሴትም ከሌላው የበለጠ ትጋለጣለች። ይሁንና ከእነዚህ አንዱም ሳይኖርባቸው የሚገጥማቸው ብዙ ናቸው። ስለዚህ «እኔን አይመለከተኝም» የሚያሰኝ ነገር የለም።

ከባድ እንስራ ስለተሸከመች ነው? አይደለም። ከባሏ ጋር ስለተጣላች፣ ስለደነገጠች ነው? አይደለም። እሷ ያጠፋችው ነገር የለም። ይህን የምለው አማቶች እንዲሰሙኝ ጭምር ነው።

(ሙዚቃ፤ ዝቅ ይላል)

አሁን ወደ ስልኩ እንምጣ። እንበልና አንዲት የልደታ ነዋሪ ናት። ወንድሟ መንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ያለ ቀበሌ ይኖራል። በጠዋት ይደውላል።

(ሁለት ድምፅ፤ የስልክ ጥሪ)

«ሄሎ፣ እትዬ! እንደምን አደርሽ? ልጆቹ ደህና ናቸው?»

«ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እናንተስ? ከብቱ፣ አዝመራው?»

«ደህና ነን፣ ተመስገን። ብቻ… የልጆቹ እናት ትንሽ አሟታል።»

«ምን ሆና?»

«ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሆዴን ትላለች። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ላም ልታልብ ስትነሳ ወደቀች። ብርድ መቷት ይመስለኛል፤ ፌጦ ሰጥተናታል።»

«አይዞህ ወንድሜ። ዛሬ ትረፍና ነገ በመጀመሪያው መኪና ይዘሃት ና። እዚህ ጥቁር አንበሳ አለልን።»

(የስልክ መዝጊያ ድምፅ)

አድማጮቻችን፣ እህቲቱ ምን አጠፋች? በክፉ ልብ የተናገረችው የለም። ቤቷን ከፍታ፣ ትልቁን ሆስፒታል አስባ ነው የጠራችው። ግን ሆዷን ያመማት፣ ስትነሳ የወደቀች ወጣት ሴት ምናልባት ሆዷ ውስጥ እየደማች ነው። ነገ ድረስ ላትቆይ ትችላለች። ደግሞስ መንገዱን አስቡት። መሐል ሜዳ ሆስፒታል አለ። አዲስ አበባ ለመምጣት ደብረ ብርሃንን ማለፍ አለባት፤ ደብረ ብርሃንም ሆስፒታል አለ። እኛ ጋ ለመድረስ ሁለት ሆስፒታሎችን ታልፋለች ማለት ነው፤ እየደማች!

ታዲያ እህቲቱ ምን ማለት ነበረባት? በመጀመሪያ «ስልኩን ለእሷ ስጣት» ማለት ነበረባት። ወንድሟ የሚስቱን የወር አበባ ላያውቅ ይችላል፤ ቢያውቅም ለእህቱ በስልክ ለማውራት ያፍራል። ሴቲቱ ራሷ ስልኩን ስትይዝ ግን ጥያቄው ቀላል ነው።

«የወር አበባሽ መቼ መጣ?» ይህ የመጀመሪያው ነው። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ባለፈው ሳምንት አይቻለሁ» ልትል ትችላለች። ከዚያ ቀጥላችሁ «እንደ ወትሮው ነበር ወይ? ቀኑን ጠብቆ ነው የመጣው? ስንት ቀን ቆየ?» በሏት። ከማህፀን ውጭ ያረገዘች ሴት ዘግይቶ የሚመጣ፣ ጠቆር ያለ፣ ጠብ ጠብ የሚል ደም ታያለች፤ ያንን የወር አበባ ብላ ትቆጥረዋለች። ስንቷ ሴት «ወር አበባዬን አይቻለሁ» ባለችው ቃል ምክንያት እርጉዝ አይደለችም ተብላ ወደ ቤቷ ተመልሳለች!

ከዚያ «ሕመሙ የት ነው? ከእምብርትሽ በታች ነው? ወደ አንድ ጎን ያደላል?» ከዚያ «ስትነሺ ዓይንሽን ይጋርድሻል? ያዞርሻል?» የመጨረሻው ጥያቄ ደግሞ ለብዙ ሰው እንግዳ ነው፤ «ትከሻሽን ያምሻል?»

ትከሻና ሆድ ምን አገናኛቸው? ሆድ ውስጥ የፈሰሰ ደም ወደ ላይ ይወጣና ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ ይነካል። የዚያ ጡንቻ ነርቭና የትከሻ ስሜት አንገት ላይ አንድ ቦታ ስለሚገናኙ፣ አንጎል ሕመሙን ትከሻ ላይ እንዳለ አድርጎ ይቆጥረዋል። በተለይ በጀርባዋ ስትተኛ ይብስባታል። እርጉዝ ልትሆን በምትችል ሴት ላይ የሆድ ሕመምና የትከሻ ጫፍ ሕመም አንድ ላይ ከመጡ ጊዜ የለም።

እንድገመው። የወር አበባ መዝለል ወይም መዛባት። ከእምብርት በታች፣ ብዙ ጊዜ ወደ አንድ ጎን ያደላ ሕመም። ጠብ ጠብ የሚል ደም። ይህ ከታየ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ! መውደቅ፣ ማዞር፣ የትከሻ ሕመም፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የመዳፍ መንጣት ከተጨመረበት በዚያው ሰዓት አምቡላንስ!

(አጭር ሙዚቃ)

እስቲ አሁን እሷን ተከትለን ወደ ጤና ተቋሙ እንሂድ። ይህ ክፍል በየገጠሩ ለምትሠሩ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ አዋላጅ ነርሶችና ጤና መኮንኖችም ነው፤ የምታዳምጡን እንዳላችሁ እናውቃለን።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ሲተገበር በየቀበሌው ጤና ኬላ ተሠርቶ ሁለት ሁለት ባለሙያ ተመደበ፤ በአብዛኛው የአካባቢው ልጆች የሆኑ ሴቶች። ይህ ለዛሬው ጉዳያችን ትልቅ ነገር ነው። የመንደሩን ሴቶች በስም የምታውቅ፣ ማን እንደዘገየባት፣ ማን የወሊድ መከላከያዋን እንዳቆመች የምታውቅ ሴት አለች ማለት ነው። ከእሷ የሚጠበቀው ቀዶ ህክምና አይደለም። ጠርጥራ መላክ ነው።

ለመጠርጠር ደግሞ የሚያስፈልገው መሣሪያ በጣም ርካሽ ነው። የሽንት የእርግዝና ምርመራ! ትንሽ ብልቃጥ ሽንት፣ አንዲት ቀጭን ወረቀት፣ ጥቂት ደቂቃ። ሁለት መስመር ከወጣ እርግዝና አለ። የታመመች ሴት ከማህፀን ውጭ ካረገዘች ይህ ምርመራ ሳያሳይ የሚቀረው በጣም አልፎ አልፎ ነው።

ታዲያ ለምን ይዘለላል? እኔ እንደሚመስለኝ ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛው ሁላችንም የምናውቀው ነው። ሆዴን አመመኝ ያለ ሰው ሁሉ ደም ይሰጥና «ታይፎይድና ታይፈስ ተገኝቶብሃል» ይባላል። ካልሆነ ጨጓራ፣ ካልሆነ አሜባ፣ ካልሆነ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን። መድኃኒት በፌስታል ይዞ ይመለሳል። ታይፎይድ ሊኖርም ይችላል፤ ግን በመውለጃ ዕድሜ ያለች ሴት ሆዷን አሟት መጥታ ሽንቷ ለእርግዝና ሳይታይ ከተመለሰች ምርመራው ገና አልተጀመረም።

ሁለተኛው ምክንያት አጠያየቃችን ነው። እናቷ አጠገቧ ቆማ፣ ወረፋ የያዘው ሁሉ እየሰማ፣ «አግብተሻል?» ተብላ የተጠየቀች የ18 ዓመት ልጅ ምን ትመልሳለች? «አላገባሁም።» እርጉዝ ነሽ ወይ ስትባልም «ኧረ አይደለሁም!» ብላ ትምላለች። ጥፋቱ የልጅቷ አይደለም። እናትን በአክብሮት «እማማ፣ አንዴ ውጭ ይቆዩልን» ማለት፣ በር መዝጋት፣ «ሆዳቸውን ለሚያማቸው ሴቶች ሁሉ የምናደርገው ነው» ብሎ ሽንት መቀበል ይቻላል። ለሁሉም ስለሚደረግ ማንም አይጠረጠርም፣ ማንም አያፍርም።

ሉፕ ያስገባችስ? ቱቦዋን ያስቋጠረችስ? እሷም ትመርመር! ሉፕ ከማህፀን ውጭ እርግዝና ያመጣል የሚባለው ወሬ ትክክል አይደለም። እንዲያውም እርግዝናን በደንብ ስለሚከላከል በጠቅላላው አደጋውን ይቀንሳል። ግን ሉፕ እያለ ወይም ቱቦ ተቋጥሮ እርግዝና ከተፈጠረ ያ እርግዝና ከማህፀን ውጭ የመሆን ዕድሉ ከፍ ይላል።

አንድ ነገር ደግሞ ለከተማ ልጆቻችን። እርግዝና ለማቋረጥ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው እንክብል ማህፀን ውስጥ ያለውን ነው እንጂ ቱቦ ውስጥ ያለውን አያወጣም። እንክብሉን ውጣ ትንሽ ደም አይታ «በቃ ወጣልኝ» ያለች ሴት ከቀናት በኋላ ሆዷን ካመማት ያደረገችውን ሳትደብቅ ለሐኪም ትናገር። የሚፈርድባት ሰው ካጋጠማት ወደ ሌላ ተቋም ትሂድ፤ ግን ትሂድ።

(ቆም ማለት)

ሽንቷ እርግዝና አሳየ፤ ሆዷንም ያማታል። ቀጥሎስ? አልትራሳውንድ ካለ ይታያል። አሁን አሁን በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎች የሠለጠኑ አዋላጅ ነርሶች ይጠቀሙበታል። ማህፀኑ ባዶ ሆኖ ሆድ ውስጥ ፈሳሽ ከታየ ጥርጣሬው ወደ እርግጠኝነት ይጠጋል።

አልትራሳውንድ ከሌለስ? ከሌለ ተብሎ አይቆምም። አልትራሳውንድ ከመምጣቱ በፊት የነበሩ ሐኪሞች፣ ዛሬም በሩቅ ሆስፒታሎች ያሉ፣ አንድ የቆየ ዘዴ ያውቃሉ። በብልት በኩል ከማህፀን ጀርባ ወዳለው ክፍተት ረዘም ያለ መርፌ አስገብተው ይስባሉ። ጠቆር ያለ፣ ቢቀመጥ የማይረጋ ደም ከወጣ ሆድ ውስጥ ደም አለ ማለት ነው። ከደም ሥር በስህተት የተሳበ ቢሆን ኖሮ በደቂቃዎች ውስጥ ይረጋ ነበር። ይህ የሠለጠነ ሐኪም ሥራ ነው። መርፌው ምንም ባያወጣም ደግሞ «የለም» ማለት አይደለም።

ጤና ጣቢያ ላሉ ባለሙያዎች ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የልብ ምት ነው። ወጣት ሴት ብዙ ደም ፈስሷትም የደም ግፊቷ ለጊዜው ደህና ሊመስል ይችላል፤ ሰውነቷ የደም ሥሮቿን አጥብቆ፣ ልቧን አፍጥኖ ይዞ ይቆያል። ከዚያ ግፊቷ በአንዴ ይወርዳል። ስለዚህ «ግፊቷ ደህና ነው፣ ትንሽ እንያት» አይባልም። ተኝታ ሳለ ምቷ ከመቶ ካለፈ፣ ዓይኗን ገለጥ ስታደርጉት ነጥቶ ካገኛችሁት፣ እጅ እግሯ ከቀዘቀዘ፣ ሪፈር ወረቀቱ በፍጥነት ይጻፍ። በሁለቱም ክንዷ ወፍራም መርፌ ተሰክቶ ግሉኮስ የምንለው ፈሳሽ፣ ማለትም ሪንገር ወይም ኖርማል ሳላይን፣ ይጀመርላት። ለሚቀበለው ሆስፒታል ይደወል። አብሯት ባለሙያ ይሂድ።

ቤት ያላችሁትስ? አምቡላንሱ እስኪመጣ በጀርባዋ አስተኟት፤ እግሯን በትራስ ወይም በጆንያ ከፍ አድርጉ፤ ጋቢ አልብሷት። የሚበላም የሚጠጣም አትስጧት፤ ወደ ቀዶ ህክምና ልትገባ ትችላለች። ሆዷን ማንም እንዳያሻት! «ማህፀኗ ዞሮ ነው» ብላ የምታሽ ባለሙያ በየመንደሩ አለች፤ እጇ ለሌላ ጊዜ ይቆይ። ጸበሉም አይቀርባትም፤ ተሽሏት ስትመለስ ትጠመቃለች። የወረዳው አምቡላንስ ስልክ ቁጥር ቤተሰቡ ስልክ ላይ ዛሬውኑ ይመዝገብ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ትሰጣችኋለች። መኪና የማይገባበት መንደር ከሆነ እስከ መንገዱ በቃሬዛ ነው። አዲስ አበባ ላላችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ወዴት ትሂድ? አሁን ደርሰንበታል። መልሱ «ትልቁ ሆስፒታል» አይደለም። ቀዶ ህክምና የሚሠራበት በጣም ቅርቡ ሆስፒታል ነው። እደግመዋለሁ፤ ቀዶ ህክምና የሚሠራበት በጣም ቅርቡ ሆስፒታል!

«የወረዳ ሆስፒታል ምን ሐኪም አለው?» ትላላችሁ። ይህ የቆየ ሐሳብ ነው። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከ2002 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ጤና መኮንኖችን በማስተርስ ደረጃ ሦስት ዓመት እያስተማረ በድንገተኛ ቀዶ ህክምና ሲያሠለጥን ቆይቷል። የተቀናጀ የድንገተኛ ቀዶ ህክምና ባለሙያ ይባላሉ። ስፔሻሊስት በማይደርስበት የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ምጥ የጠናባትን በኦፕራሲዮን ያዋልዳሉ፣ ትርፍ አንጀት ያወጣሉ፣ ከማህፀን ውጭ ያረገዘችውንም ሆዷን ከፍተው ደሙን ያቆማሉ። እዚህ ልደታ ተቀምጠን የምንንቀው ሆስፒታል ውስጥ ሌሊት ተነስቶ ቀዶ ህክምና ክፍል የሚገባ ሰው አለ።

ቀዶ ህክምናው ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። በ1883 እ.ኤ.አ. ሮበርት ሎውሰን ቴት የተባለ ሐኪም በእንግሊዝ፣ በርሚንግሃም ከተማ፣ ቱቦዋ የፈነዳ ሴትን ሆዷን ከፍቶ፣ የሚደማውን ቱቦ አስሮና ቆርጦ አዳነ። ከዚያ በፊት ሐኪሞች ሕመምተኛዋ ስትሞት ቆመው ያዩ ነበር። ያኔ አልትራሳውንድ የለ፣ ደም ባንክ የለ፣ አንቲባዮቲክ የለ። ስለዚህ ይህ በሽታ የሚፈልገው የረቀቀ ማሽን ሳይሆን ማደንዘዣ፣ ንጹህ መሣሪያና የሠለጠነ እጅ ነው፤ ከሁሉም በላይ ግን ሴትዮዋ በሕይወት መድረሷን።

ደሙስ? ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ አልሸፋፍነውም። በየገጠሩ ሆስፒታል ተስማሚ ደም ሁልጊዜ አይገኝም። ስለዚህ አብረው የሚሄዱት ዘመዶች ለአስታማሚነት ብቻ ሳይሆን ለደም ልገሳም ዝግጁ ይሁኑ፤ ጤነኛና ጎልማሳ የሆኑ ሁለት ሦስት ሰዎች።

አንድ የሚያስገርም ዘዴም አለ። ደም ሲጠፋ ሐኪሞቹ ሆዷ ውስጥ የፈሰሰውን የራሷን ደም በንጹህ ዕቃ ቀድተው፣ በተደራረበ ጨርቅ አጣርተው፣ እንዳይረጋ የሚያደርግ ፈሳሽ ባለበት የደም ከረጢት ውስጥ ጨምረው በክንዷ መልሰው ይሰጧታል። ደሙ የራሷ ስለሆነ አይጣላትም፤ ከሌላ ሰው የሚመጣ በሽታም የለበትም። ደሙ የቆየ ወይም የተበከለ መሆን የለበትም። በአፍሪካ ብዙ የገጠር ሆስፒታሎች ውስጥ ሕይወት ያተረፈ ዘዴ ነው።

ቀዶ ህክምና ሳይደረግ በመድኃኒት መዳን አይቻልም ወይ? የሚል ጥያቄም ይነሳል። ይቻላል፤ ለአንዳንዶች። ሜቶትሬክሴት የሚባል፣ ለካንሰርም የሚሰጥ መርፌ አለ። ቱቦው ሳይፈነዳ፣ ፅንሱ ትንሽ ሳለ፣ የልብ ምት ሳይኖረው በጊዜ ከተደረሰበት እንዲሟሽሽ ያደርገዋል። መርፌው ግን ተወግቶ የሚኬድበት አይደለም። በአራተኛውና በሰባተኛው ቀን ተመልሳ የደሟ የሆርሞን መጠን ይለካል፤ ከዚያም ሆርሞኑ እስኪጠፋ በየሳምንቱ። በመካከሉ ቱቦው ሊፈነዳም ይችላል። እርጉዞች የሚወስዱት የፎሊክ አሲድ ክኒንም የመድኃኒቱን ሥራ ስለሚያከሽፍ ይቋረጣል።

እዚህ ልደታ ለምትኖር፣ ሆስፒታል በእግሯ ለምትደርስ ሴት ይህ ጥሩ ምርጫ ሊሆን ይችላል። የግማሽ ቀን መንገድ ተጉዛ ለመጣች፣ ወንዝ ሲሞላ ለማትሻገር፣ ሆርሞኑን የሚለካ ላቦራቶሪ አቅራቢያዋ ለሌላት ግን እኔ ብሆን ቀዶ ህክምናውን እመርጥላታለሁ። ሆዷ ላይ ጠባሳ ይቀራል፤ ግን አልቆላት ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

(ሙዚቃ፤ ዝቅ ይላል)

አሁን ከአድማጮች ዘንድ አዘውትረው ወደሚነሱ ጥያቄዎች።

«ፅንሱን ከቱቦው አውጥቶ ማህፀን ውስጥ መመለስ አይቻልም ወይ?» አይቻልም። የትም አገር፣ በምንም ዓይነት ገንዘብ። ቱቦ ውስጥ የተተከለ ፅንስ የሚወለድበት መንገድ የለም። ያለው ምርጫ እናትየዋን ማትረፍ ወይም ሁለቱንም ማጣት ነው።

«ታዲያ ኃጢአት አይሆንም? ማስወረድ አይደለም?» ይህ ጥያቄ ቤተሰብን ለሰዓታት ሲያከራክር ይውላል፤ ያ ሰዓት ደግሞ የእሷ ደም ነው። ሐኪሙ የሚያደርገው የሚፈስ ደም ማቆም ነው። ሕጉም ይህን አይከለክልም። ሃይማኖታዊ ጥያቄ ያላችሁ የንስሐ አባታችሁን ወይም ሼኹን በጤና ጊዜ አስቀድማችሁ አናግሩ። እሷ እየደማች ግን ሸንጎ አይቀመጥም። ባል ከሌለ አማት፣ አማት ከሌለች ጎረቤት ይወስን! እንዲያውም «እሱ እስኪመጣ» እየተባለ የሚጠፋው ጊዜ መንገዱ ከሚፈጀው የሚበልጥበት ቤት አለ።

«አንድ ቱቦ ከወጣ ደግማ ትወልዳለች?» አዎ፣ ብዙዎቹ ይወልዳሉ። ሁለተኛው ቱቦ ጤነኛ ከሆነ በቂ ነው። ሁለቱም ቱቦዎች ላጡትም በር አልተዘጋም፤ ጳውሎስ ሆስፒታል ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ከሰውነት ውጭ የማስፀነስ ህክምና የሚሰጥ ማዕከል አለው። አንዲት ሴት ቱቦዋ ወጣ ተብሎ ትዳሯ የሚፈርስበት ምክንያት የለም።

ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። አንዴ ያጋጠማት ሴት በሚቀጥለው እርግዝና ከአሥር አንዷ ገደማ እንደገና ያጋጥማታል። ስለዚህ የወር አበባዋ እንደዘለለ፣ ሕመም ሳትጠብቅ፣ በስድስተኛው ወይም በሰባተኛው ሳምንት አልትራሳውንድ ትታይ፤ ፅንሱ ማህፀን ውስጥ መሆኑ ይረጋገጥላት። ከሆስፒታል ስትወጣም ምን እንደተሠራላትና የትኛው ቱቦ እንደወጣ የሚገልጸውን ወረቀት ተቀብላ ከመታወቂያዋ ጋር ታስቀምጥ። ደሟ ኔጌቲቭ ከሆነ ደግሞ ለሚቀጥለው ፅንስ የሚጠቅም መርፌ ስላለ ከመውጣቷ በፊት ሐኪሟን ትጠይቅ።

በዛሬው ዝግጅት ላይ ያላችሁን ጥያቄ እስከ ሐሙስ ድረስ በተለመደው የስልክ መስመራችን አድርሱን። የደወላችሁትን ስም አንጠራም። በሚቀጥለው ሳምንት በእርግዝና ጊዜ ስለሚነሳ የደም ግፊት እንጨዋወታለን፤ አንዲት አዋላጅ ነርስም እዚሁ ስቱዲዮ ትገኛለች። ደህና ሰንብቱ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)